ላቴክስ ካላችሁ ሚዛን ላይ አውጡት

ደንበኛዋ ሱቅ ትገባና «ላቴክስ ፍራሽ አላችሁ?» ትላለች። ሻጩ «ሞልቷል» ይላል። ዋጋ ይጠራል፣ ክርክር ይደረጋል፣ ፍራሹ በገመድ ይታሰራል፣ ባጃጅ ላይ ይጫናል። በዚህ ሁሉ መሃል ሻጩም ገዢዋም ላቴክስ ማለት ምን እንደሆነ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የፍራሽን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴው ሆኗል።

እኛ በሞያሌ መስመር ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ዕቃ የምናመላልስ ነጋዴዎች ስለዚህ ጉዳይ የምንለው አጭር ነው። የፍራሹን ኪሎ፣ ልክና ውስጡን ደረሰኝ ላይ መጻፍ የማይችል ነጋዴ «ላቴክስ» የሚለውን ቃል አፉ ላይ ባያመጣው ይሻላል። ገዢም እነዚህን ሳያይ ብር አይቁጠር። ሁለተኛ ነገርም አለን፤ ለብዙ ቤት ጥሩ ስፖንጅ ከላቴክስ ይልቅ ያዋጣል። ይህን ለደንበኛ መንገር ገበያ ያሳጣል ብለን አናምንም።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ካለ ማን እንደሚገዛ ይመልከት። ላቴክስ ብላ የምትጠይቀው ብዙ ጊዜ የተረፋት ሰው አይደለችም። ከቤሩት ወይም ከጂዳ ተመልሳ፣ ባጠራቀመችው ገንዘብ ወገባቸውን ለሚያማቸው እናቷ የሚሆን ፍራሽ የምትፈልግ ልጅ ናት። አልያም ስምንት ክፍል ያላት ፔንሲዮን ከፍታ፣ እንግዳ እንዳይሸሽባት ደህና ፍራሽ ላስገባ ያለች እህት ናት። ሁለቱም ይህን ዕቃ ቶሎ መልሰው አይገዙም። የተሳሳተ ፍራሽ የገዛ ሰው በማግስቱ አያውቀውም፤ የሚያውቀው መሃሉ ሲጎደጉድ ነው። ያኔ ሻጩ ሌላ ዕቃ ላይ ነው።

ስሙ የሚሸፍነው

ላቴክስ የጎማ ዛፍ ወተት ነው። የዛፉ ልጥ በስለት ሲበጣ ነጭ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ይህ ወተት በብዛት የሚመጣው ከታይላንድ፣ ከኢንዶኔዥያና ከቬትናም ነው። ወተቱ እንደ እንቁላል ነጩ ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፣ ከዚያ በእንፋሎት ይበስላል። ይህ አሠራር ደንሎፕ ይባላል፤ በ1929 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የደንሎፕ ኩባንያ ሰዎች ያወጡት ነው። ታላላይ የሚባል ሌላም አሠራር አለ፤ ቅርጹ በከፊል ከተሞላ በኋላ አየሩ ይመጠጥና አረፋው ይነፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይበስላል። በጥቅሉ ደንሎፕ ጠጠር፣ ከበድ ይላል፤ ታላላይ ለስለስ ይላል። ከሁለቱ አንዱ እውነተኛ፣ ሌላው ሐሰተኛ አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ላቴክስም አለ። ስለዚህ «100% ላቴክስ» የሚል ጽሑፍ ዛፉን አልነካም ማለት ይቻላል። «100% የተፈጥሮ ላቴክስ» የሚለው ሌላ ነው። ሁለቱን የቀላቀለም አለ፤ ቅልቅል መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ በዋጋው ከተነገረ። ከዚያ ደግሞ ከላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ላቴክስ ተለጥፎበት ከሥሩ አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ተራ ስፖንጅ የሆነ አለ። ይህ ላቴክስ ፍራሽ ሳይሆን ላቴክስ የተለበጠበት የስፖንጅ ፍራሽ ነው። በመጨረሻም ምንም ላቴክስ የሌለው፣ የጨርቁ ጥለት ላይ ብቻ ቃሉ የተጠለፈበት አለ።

ወረቀት ያድነናል የምትሉ ካላችሁ፣ የጉምሩኩን መዝገብ ተመልከቱ። በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ ፍራሽ 9404 ውስጥ ነው። ከዚያ ውስጥ 9404.21 የሚለው ቁጥር አረፋ ጎማንም አረፋ ፕላስቲክንም አንድ ላይ ይይዛል። እውነተኛው ላቴክስም ተራው ስፖንጅም በአንድ ቁጥር ያልፋሉ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጭ ዲክላራሲዮን አውጥቶ «ይኸው፣ በሕጋዊ መንገድ የገባ ላቴክስ» ቢል፣ ወረቀቱ የሚመሰክረው ቀረጥ መከፈሉን እንጂ ውስጡን አይደለም።

ምልክቶችም እንዲሁ በቅጡ መነበብ አለባቸው። ኦይኮ-ቴክስ ስታንዳርድ 100 የሚለው ምልክት ዕቃው ለጤና ጎጂ ለሆኑ ኬሚካሎች መመርመሩን ይናገራል፤ ከዛፍ መገኘቱን አይናገርም። ስፖንጅም ሊያገኘው ይችላል። ጎልስ የሚባለው ደግሞ ኦርጋኒክ ላቴክስን የሚመለከት ሲሆን ከ95 በመቶ በላይ የተመሰከረለት ኦርጋኒክ ጥሬ ዕቃ ይጠይቃል። ሁለቱም ቁጥር አላቸው። ቁጥር የሌለው፣ ሥዕሉ ብቻ የታተመ ምልክት ጌጥ ነው። ቁጥር ካለው በስልክ ኢንተርኔት ገብቶ ማጣራት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሚዛንና ሜትር ይበቃሉ

«እኛ ላቦራቶሪ የለንም» የሚል መልስ ከሥራ ባልደረቦቻችን እንሰማለን። ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ቡና፣ ቦሎቄ፣ ጨው የምንመዝንበት ሚዛን ከሱቃችን አይጠፋም። የጨርቅ ሜትርም አይጠፋም። ሁለቱ ካሉ የፍራሹን ዴንሲቲ ማወቅ ይቻላል። ዴንሲቲ ማለት አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው ዕቃ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ወርዱ 1.20፣ ርዝመቱ 1.90፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ እንውሰድ። 1.20 በ1.90 በ0.20 ሲባዛ 0.456 ሜትር ኩብ ይሆናል። ፍራሹን መዝኑ፣ ለጨርቁ ሁለት ኪሎ ያህል ቀንሱ፣ የቀረውን ለ0.456 አካፍሉ። የቀረው 11 ኪሎ ከሆነ ዴንሲቲው 24 ገደማ ነው። የቀረው 36 ኪሎ ከሆነ 79 ገደማ ነው።

አሁን ቁጥሩን እናንብብ። የተለመደው ስፖንጅ፣ ማለትም ፖሊዩሬቴን፣ ከ15 እስከ 40 ባለው ውስጥ ይገኛል። የላቴክስ ፍራሽ ባብዛኛው ከ55 እስከ 95 ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ 24 የወጣለት ፍራሽ ላይ ማንም ምንም ቢጽፍ ስፖንጅ ነው። ለዚህ ክርክር አያስፈልግም። አንድ ሰው ብቻውን በጭንቅላቱ ተሸክሞት መንገድ የሚሻገር ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ሰፊ ፍራሽ ካያችሁም ላቴክስ ነው ብላችሁ አትጨነቁ።

ሚዛን ግን ግማሽ ምስክር ነው። ቀላሉን ያጋልጣል፣ ከባዱን ግን ሙሉ በሙሉ አያጸድቅም። አንዳንድ አምራች ኪሎ እንዲያነሳ ላቴክሱ ውስጥ የድንጋይ ዱቄት ይጨምራል። ሜሞሪ ፎም የሚባለው ስፖንጅም ከባድ ነው፤ ኪሎው ከላቴክስ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከሚዛኑ በኋላ ዚፑ ይከፈት። ዚፕ የሌለው ላቴክስ ፍራሽ በውድ ዋጋ መግዛት፣ ጆንያውን ሳይፈቱ ቡና እንደመግዛት ነው።

ሲከፈት ምን እናያለን? መዳፋችንን ጫን አድርገን እንልቀቅ። ላቴክስ ወዲያው ተመልሶ እጃችንን ይገፋዋል። ሜሞሪ ፎም የእጃችንን ቅርጽ ይዞ ቀስ እያለ ይመለሳል። ጫፉን ይዘን ሳብ ስናደርግ ላቴክስ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ዱቄት ከተራገፈበት ወይም ቶሎ ከተሰነጠቀ ወይ አርጅቷል ወይ ዱቄት በዝቶበታል። በጎኑ ደግሞ ንብርብሩን እንቁጠር፤ በሙጫ የተያያዘ መስመር ካለ ከላይ ያለውና ከታች ያለው አንድ ዕቃ መሆኑን እንጠይቅ። ላቴክስ ከቅርጹ የሚወጡ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ነገር ግን ስፖንጅንም መብሳት ስለሚቻል በቀዳዳ ብቻ አትፍረዱ።

አንድ ልማድ ግን ይቅር። ቁራሽ ቆርጦ በክብሪት እያቃጠሉ «አየሽ፣ ይህ ይቀልጣል፣ ያ አይቀልጥም» ማለት አደገኛ ነው። የስፖንጅ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ አለበት። በጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሕፃን ባዘለች ደንበኛ ፊት የሚደረግ ምርመራ አይደለም።

ኢንችና ሳንቲ ሜትር

ድንበር ለምንሻገር ሰዎች ሌላ ወጥመድ አለ፤ ልኩ። ኬንያ ውስጥ ጎዶሮ የሚሸጠው በጫማ ነው፤ 3 በ6፣ 4 በ6፣ 5 በ6፣ 6 በ6። ውፍረቱ በኢንች ነው፤ 6፣ 8፣ 10። በእኛ በኩል አልጋ የሚሠራው በሳንቲ ሜትር ነው። 4 በ6 ጫማ ማለት 122 በ183 ሳንቲ ሜትር ነው። የእኛ የሜትር ከሃያ አልጋ ርዝመቱ 190 ከሆነ ፍራሹ 7 ሳንቲ ሜትር ያጥረዋል፣ በወርዱ ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ይተርፈዋል። ስፖንጅ በጎኑ ተጨቁኖ ይገባል። ላቴክስ ግን ከባድና እንቢተኛ ነው፤ በግድ ሲገባ መሃሉ ይነሳል። ከእግር በኩል የቀረው ክፍተት ላይ ደግሞ ጨርቅ እየጠቀጠቁ መኖር ነው። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የከፈለ ሰው ይህን ሊሸከም አይገባውም።

ናይሮቢ ላይ የሚነገረው «ሃይ ዴንሲቲ» የሚለው ቃልም ቁጥር ካልተጻፈበት መጠሪያ ነው እንጂ ልኬት አይደለም። የአንዱ ፋብሪካ «ሃይ» ለሌላው መካከለኛ ሊሆን ይችላል። «ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ቁጥር ካልተነገረን ሚዛኑ ይነግረናል።

ዴንሲቲና ጥንካሬም አይምታቱ። ከባድ የሆነ ሁሉ ደረቅ አይደለም፤ ቀላል የሆነ ሁሉ ለስላሳ አይደለም። ዴንሲቲ ስለ ዕድሜው ይናገራል፤ ጥንካሬ ስለ ምቾቱ። ለወገብ ደግሞ «ድንጋይ የመሰለ ፍራሽ ይሻላል» የሚለው አባባል የተፈተነ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ስፔን ውስጥ የቆየ የወገብ ሕመም ባለባቸው 313 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው የተሻለ ውጤት እንዳሳየ አመልክቷል። ስለዚህ እናቱን ይዞ የመጣ ልጅ ሲገጥመን «ይህ ላቴክስ ወገብ ይፈውሳል» ማለት ውሸት ነው። «እማማ፣ እስቲ አሥር ደቂቃ በጎንዎ ተኝተው ይሞክሩት፤ ዳሌዎና ትከሻዎ ይግባ፣ ወገብዎ ግን አይንጠልጠል» ማለት ነው የሚሻለው። አንዳንድ ሰው ደግሞ ላቴክስ አለርጂ አለበት። የጎማ ጓንት ወይም ፊኛ ሲነካ የሚያሳክከው ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይግዛ።

የአንድ ሌሊት ዋጋ

ዋጋን በኮሜርስ ትምህርት እንደለመድነው በእርጅና ቅናሽ እናስላው። ዕቃ የሚመዘነው በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን በሚያገለግልበት ዘመን ነው። የሚከተሉት ቁጥሮች ለሂሳብ ማሳያ የወሰድናቸው ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም። እናንተ የዛሬውን ዋጋ አስገብታችሁ ሥሩት።

ቀላል ስፖንጅ 8,000 ብር፣ በሁለት ዓመት ቢጎደጉድ፣ 730 ሌሊት ነው፤ ለአንድ ሌሊት 11 ብር ገደማ። ዴንሲቲው 28 ወይም 30 የሆነ ስፖንጅ 14,000 ብር፣ አምስት ዓመት ቢቆይ፣ ለአንድ ሌሊት ከ8 ብር በታች። እውነተኛ ላቴክስ 45,000 ብር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢቆይ፣ ለአንድ ሌሊት 10 ብር ከ30 ሳንቲም ገደማ። ላቴክስ ተብሎ በ30,000 ብር የተሸጠ ስፖንጅ፣ ሦስት ዓመት ቢቆይ፣ ለአንድ ሌሊት 27 ብር ከ40 ሳንቲም።

ከዚህ ሦስት ነገር ይነበባል። አንደኛ፣ ርካሹ ፍራሽ ከሁሉ ርካሽ አይደለም። ሁለተኛ፣ በዚህ ሂሳብ ላቴክሱም ከሁሉ ርካሽ አይደለም፤ ጥሩውን ስፖንጅ ለመስተካከል አሥራ ስድስት ዓመት መቆየት አለበት። ሦስተኛ፣ ከሁሉ ውዱ ውሸቱ ነው። ደሃ የሆነውን ሰው የሚጎዳው የላቴክስ ውድነት ሳይሆን ላቴክስ ያልሆነው ላቴክስ ነው።

ታዲያ ላቴክስ ለማን ይሁን? ሰውነቱ ከበድ ላለ፣ ስፖንጅ ቶሎ ለሚጎደጉድበት ሰው። አንዴ ገዝቶ ከአሥር ዓመት በላይ ማስቀመጥ ለሚችል፣ ቤት ቶሎ ቶሎ ለማይቀይር። ተኝቶ ሞክሮት ልዩነቱ ለተሰማው። ልዩነቱ ካልተሰማው ለጎረቤት ስም ብሎ አይግዛው።

ለማንስ አይሁን? አልጋው ላይ ሽንቱን የሚያመልጠው ልጅ ላለበት ቤት፣ ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን ካልገባለት በስተቀር አይሁን። ላቴክስ ውኃ ከጠጣ ለማድረቅ አበሳ ነው። ለጠፍር አልጋም አይሁን፤ ጠፍሩ ሲረግብ ፍራሹም አብሮ ይረግባል። ላቴክስ የሚፈልገው ርብራቡ የተጠጋጋ፣ በጣውላ መሃል ከሰባት ስምንት ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ክፍተት ያለው አልጋ ነው። መሬት ላይ ብቻውን ከተነጠፈ ከሥሩ ይሻግታል። ፔንሲዮን ላላት እህታችንም ስምንቱን ክፍል በላቴክስ ከመሙላት፣ ስምንቱንም በጥሩ ስፖንጅና ውኃ በማያሳልፍ ሽፋን ብታለብስ ይሻላታል እንላለን። እንግዳ የፍራሹን ስም አይጠይቅም፤ መሃሉ ገብቶ ከሆነ ግን ሁለተኛ አይመጣም።

ፀሐይ፣ መንገድና መጋዘን

እውነተኛ ላቴክስ ገዝቶ በአያያዝ የሚገድለውም ብዙ ነው። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት የቤታችን ልማድ ነው፤ ለጥጥ ፍራሽ ልክ ነው። ላቴክስ ግን ጎማ ነው። ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል፣ ያፈራርሱታል። መናፈስ ያለበት ጥላ ውስጥ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለደንበኛ ሳይነግሩ ላቴክስ መሸጥ፣ መድኃኒት ሸጦ አወሳሰዱን አለመንገር ነው።

የእኛ መስመር ደግሞ ለዚህ ዕቃ የሚመች አይደለም። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት ወደ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ሆኖ ቀልሎልናል፤ ሙቀቱ ግን እዚያው ነው። በመኪናው አናት ላይ ያለ ሸራ ተጭኖ የሚመጣ፣ ከዚያ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ወራት የሚከርም ላቴክስ ገዢው እጅ ሳይደርስ ያረጃል። አየሩ ተመጥጦ የተጠቀለለ ከሆነ ደግሞ አምራቹ በማሸጊያው ላይ በዚህ ጊዜ ውስጥ ፍቱት ብሎ የጻፈውን ማክበር ነው። ጊዜው ያለፈበት ጥቅል ሲፈታ ሙሉ ቁመቱን ላይመልስ ይችላል። ደረሰኝ ከመቆረጡ በፊት ጥቅሉ ተፈትቶ ውፍረቱ በሜትር ይለካ። ጫኝና አውራጆቹም ላቴክስን አንድ ጫፉን ይዘው እንዳይጎትቱት ይነገራቸው፤ በራሱ ክብደት ይቀደዳል።

ስለ ዋስትናም አንታለል። «አሥር ዓመት ዋስትና አለው» የሚለው ቃል ናይሮቢ ውስጥ ለሚኖር ሰው ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ቡሌ ሆራ ወይም ሐዋሳ ላለች ገዢ፣ 35 ኪሎ የሚመዝን ፍራሽ ድንበር አሻግሮ መመለስ ከፍራሹ ጋር የሚወዳደር ወጪ ነው። እዚህ ያለ ነጋዴ በራሱ ስም የማይቀበለውን ዋስትና በሌላ አገር ፋብሪካ ስም አይሽጥ። መነሻውም እንዲሁ ነው፤ እስያ ውስጥ የተሠራ ፍራሽ ናይሮቢ ላይ ስለተገዛ የኮሜሳ አገር ምርት አይሆንም። ደላላ «በኮሜሳ ቀረጥ አይነካውም» ሲላችሁ የተሠራበትን አገር ጠይቁ።

አራት መስመር

ከሁሉም ነጋዴ የምንጠይቀው አራት መስመር ነው፤ በደረሰኙ ላይ ወይም በጀርባው በእጅ ጽሑፍ።

1. ውስጡ ምንድን ነው፤ የተፈጥሮ ላቴክስ፣ ሰው ሠራሽ፣ ቅልቅል ወይስ ስፖንጅ።
2. ንብርብሩ፤ ከላይ ስንት ሳንቲ ሜትር ምን፣ ከታች ስንት ሳንቲ ሜትር ምን።
3. ልኩ በሳንቲ ሜትር፣ ኪሎውም በሚዛን።
4. ጎደጎደ ወይም ተሰነጠቀ ቢባል፣ ይህ ሱቅ ራሱ እስከ ስንት ጊዜ ኃላፊ ነው።

ተቃውሞውን እናውቀዋለን። «እኔ እውነቱን ስጽፍ ደንበኛዬ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሄዳ በውሸት ስም ትገዛለች» ይባላል። አዎ፣ አንዳንዷ ትሄዳለች። ነገር ግን ፍራሽ እንደ ሽንኩርት በየሳምንቱ አይገዛም፤ የሚሸጠው በምስክር ነው። ሙሽራ ልትድር የምታስብ እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው «የናንተን ከማን ገዛችሁት?» ብላ ጎረቤቷን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለፍራሽ የተነገረ ይመስላል፤ በየሌሊቱ ነው የሚፈተነው። ደግሞም አራቱ መስመር በሞያሌ ገበያ ልማድ ከሆነ፣ የማይጽፈው ሰው ራሱን ያጋልጣል። ዛሬ የሚጽፈው ነው እንደ ሞኝ የሚታየው፤ አሥር ሱቅ ከጻፈ ግን የማይጽፈው ነው የሚጠረጠረው።

«ደንበኛው ራሱ ማንበብ አይፈልግም፣ ዋጋና ውፍረት ብቻ ነው የሚጠይቀው» የሚለውም አለ። ውፍረት የሚጠይቀው ሌላ የሚጠይቀውን ስላላሳየነው ነው። ጤፍ ሲገዛ እፍኝ ዘግኖ የሚያየው፣ ቅቤ ሲገዛ ቀምሶ የሚያልፈው ያው ደንበኛ ነው። ሚዛኑን ሱቁ በር ላይ አስቀምጡለት፤ አንድ ስፖንጅና አንድ ላቴክስ ቁራሽ ጎን ለጎን አድርጉለት፤ በእጁ ይጫነው። ከዚያ በኋላ ስፖንጁን መርጦ ቢሄድ አውቆ መረጠ። ጥሩ ስፖንጅ በስፖንጅ ስም፣ በስፖንጅ ዋጋ መሸጥ የሚያሳፍር ንግድ አይደለም።

ገዢዎችም የእናንተ ድርሻ አለ። ሱቅ ስትገቡ ሜትር ይዛችሁ ግቡ፣ የአልጋችሁን ልክ ጽፋችሁ ያዙ። «ላቴክስ አላችሁ?» ከማለት በፊት «ሚዛን አላችሁ?» በሉ። ነጋዴው ሳቀ እንጂ ካልተቆጣ ጥሩ ምልክት ነው። ዚፑ አይከፈትም፣ ሚዛን የለም፣ ደረሰኙ ላይ «ፍራሽ» ብቻ እጽፋለሁ ካላችሁ፣ የስፖንጅ ዋጋ ስጡት ወይም ደህና ዋል ብላችሁ ውጡ። ቀጥሎ ያለው ሱቅ ውስጥ ሚዛኑን አውጥታ የምትጠብቃችሁ ነጋዴ እንድትኖር የምታደርጓት እናንተው ናችሁ።